ከጅማ ገበያ የገዛነው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ፦ ግድግዳ ላይ አንድ ዓመት ከዋለ በኋላ

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ በጅማ ከተማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የንጥረ ነገሮችን ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ የያዘ የግድግዳ ቻርት በ380 ብር ገዛን። «ገዛን» የምለው ገንዘቡን ያዋጣነው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የምናስተምር አራት መምህራን ስለሆንን ነው። ቻርቱ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ፊት በየቀኑ ሲነበብና በእንጨት ሲጠቆም ከርሟል። ተመሳሳዩ ቻርት ዛሬም በከተማችን በበርካታ መደብሮች ተሰቅሎ ስለሚሸጥ፣ ሊገዛ ያሰበ ወላጅም ሆነ መምህር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚጎድለው አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርቱ 1 ሜትር ወርድና 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ በወፍራም ወረቀት ታትሞ በሁለት በኩል በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ለጅማ አየር ልባጡ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ዝናቡ ወራት በሚዘልቅበት፣ የክፍሎቻችንም ግድግዳ እርጥበት በሚያዝልበት በዚህ ከተማ ያልተለበጠ ወረቀት አንድ ክረምት አይሻገርም። የእኛው ቻርት በታችኛው የግራ ጥግ በኩል በሦስተኛው ወር መላቀቅ ጀምሮ ነበር፤ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ስናሽገው ግን ቆመ። ቀለሙ እስካሁን አልደበዘዘም። ማንጠልጠያ ቀዳዳ ስለሌለው ምስማር በቀጥታ እንዳይመቱበት፣ ከላይና ከታች ቀጭን ጣውላ አስይዘው ቢሰቅሉት ይሻላል።

የፊደሉ መጠን የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው። የንጥረ ነገሮቹ ምልክት ከሦስተኛው ዴስክ በግልጽ ይነበባል፤ አቶማዊ ቁጥሩ (በሠንጠረዡ ያለው ተራ ቁጥር) እና አቶማዊ ክብደቱ ግን በጣም ከማነሱ የተነሣ አጠገቡ ካልቆሙ በስተቀር አይታይም። ስልሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ የሠንጠረዡ ሥርዓት የተመሠረተው በምልክቶቹ ሳይሆን በቁጥሮቹ ላይ ነውና።

ወደ ሌሎቹ ጉድለቶች ከመሄዴ በፊት ደግ ጎኑን ልናገር። ሠንጠረዡ 118ቱንም ሣጥኖች የያዘ ሲሆን፣ ዓምዶቹ ከ1 እስከ 18 በግልጽ ተቆጥረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ይህን አቆጣጠር እስኪያጸድቅ ድረስ አውሮፓና አሜሪካ ተመሳሳዩን ዓምድ በተለያየ ፊደል ይጠሩት ስለነበር፣ አሁንም ሁለቱን አቆጣጠር ደርበው የሚያትሙ ቻርቶች ተማሪን ያደናግራሉ። ይህኛው ከዚያ ነፃ ነው። ሰባቱ ረድፎችም ርዝመታቸው በትክክል ተጠብቋል፦ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32 እና 32። ተማሪ እነዚህን ሰባት ቁጥሮች ደምሮ 118 ላይ ሲደርስ፣ ሠንጠረዡ በዘፈቀደ የተደረደረ የሣጥን ክምር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሌላው የወደድኩት፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ግርጌ ንጥረ ነገሩ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል መኖሩ ነው። ይህ ሥዕል በአማርኛ ለሚያስብ ተማሪ ያልተጠበቀ ጥቅም ሰጥቶናል። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ብረት፣ ድኝ፣ ባዜቃ፣ እርሳስና ቆርቆሮ ከኬሚስትሪ ትምህርት በፊት በአያቶቻችን አፍ ስም የነበራቸው ናቸው፤ ስሞቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታሉ። «እርሳስ» የምንለው የመጻፊያ እንጨት ውስጡ ያለው ቁጥር 82፣ ማለትም ሌድ ሳይሆን ቁጥር 6፣ ማለትም ካርቦን ነው። «ቆርቆሮ» የምንለው የቤት ክዳንም ቁጥር 50፣ ማለትም ቲን አይደለም፤ ቁጥር 26 የሆነው ብረት በቁጥር 30፣ በዚንክ ተለብጦ ነው። ቻርቱ በቁጥር 6 ሣጥን ውስጥ እርሳስ መሳሉን ያየች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ስህተት ነው፤ ሌድ እኮ እዚያ ታች ነው ያለው» ብላ ስትነሣ፣ የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለእርሷ ጥያቄ ሰጠሁት፤ አልቆጨኝምም።

የአቶማዊ ክብደቶቹ አኃዞች፣ ከዚህ በታች ከምገልጸው አንድ ቦታ በስተቀር፣ ተፈትሸው የታተሙ ናቸው። በዚህም ምክንያት ቻርቱን ብቻ በመጠቀም ታሪኩን ማስተማር ይቻላል። ዮሐን ዶበራይነር የተባለው ጀርመናዊ በ1829 እንዳሳየው፣ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ሦስት ንጥረ ነገሮች ሲደረደሩ የመካከለኛው ክብደት የሁለቱን ዳርቻዎች አማካይ ይቀርባል። ተማሪዎቼ የሊቲየምን 6.94 እና የፖታሲየምን 39.10 ከቻርቱ አንብበው ደመሩና ለሁለት አካፈሉ፤ 23.02 አገኙ። በመካከላቸው ያለው የሶዲየም ሣጥን 22.99 ይላል። ካልሲየምን ከባሪየም ጋር ሲያደርጉ 88.7 ወጣ፤ ስትሮንሺየም 87.62 ነው። ማንም ሳይነግራቸው «ለምን?» ያሉት እዚህ ላይ ነው። ዶበራይነርም በዘመኑ መልሱ አልነበረውም።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1869 ሠንጠረዡን ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ጆን ኒውላንድስ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ሲደረድር ጠባያቸው በየስምንተኛው እንደሚመለስ አስተውሎ ነበር፤ በ1866 በለንደን ለኬሚስቶች ማኅበር ሲያቀርበው ግን በፊደል ተራ ደርድረህ ሞክረሃልን ተብሎ ተሳለቁበት። ጀርመናዊው ሎታር ማየርም ከሜንዴሌቭ እምብዛም ሳይርቅ ተመሳሳይ ሥርዓት ደርሶበታል። ሜንዴሌቭን የለየው ድፍረቱ ነው፦ የሚገጥም ንጥረ ነገር ባጣበት ቦታ ሌላውን ገፍቶ ከመሙላት ይልቅ ክፍት ተወው፤ ለክፍቱም ቦታ የሚመጣውን ንጥረ ነገር ጠባይ አስቀድሞ ጻፈ። ከሲሊከን በታች ላለው ክፍት ቦታ አቶማዊ ክብደት 72፣ እፍጋት (በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር በግራም) 5.5 ብሎ ተነበየ። በ1886 ጀርመናዊው ክሌመንስ ዊንክለር ጀርማኒየምን ሲያገኝ እፍጋቱ ከትንቢቱ ጋር የተቀራረበ ሆነ፤ ክብደቱም በቻርታችን ቁጥር 32 ሣጥን ውስጥ 72.63 ተብሎ ተጽፏል። ስለ ጋሊየም የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በ1875 ያገኘው ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን እፍጋቱን በመጀመሪያ 4.7 አድርጎ ለካ። ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያይ፣ እፍጋቱ ወደ 5.9 መሆን ስላለበት ናሙናው ንጹሕ አይደለም አለ፤ ናሙናው ነጥሮ እንደገና ሲለካም 5.9 ሆነ።

የምገመግመው ቻርት ስለዚህ ክፍት ቦታ ታሪክ አንዲት ቃል አይናገርም። በላይኛው የቀኝ ጥግ የሜንዴሌቭ ምስል አለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን ስሙ ብቻ ነው። በዚያው ቦታ በ1869 የነበሩትን 63ቱን በአንድ ቀለም፣ ክፍት የነበሩትን በሌላ ቀለም መለየት ይቻል ነበር። እኛ ጀርማኒየም፣ ጋሊየምና ስካንዲየም ሣጥኖች ላይ በፕላስቲኩ ላይ በማርከር ቀይ ክብ አድርገን ጉድለቱን በከፊል ሞላነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። በቻርታችን ቁጥር 52 የሆነው ቴሉሪየም 126.90፣ ቁጥር 53 የሆነው አዮዲን ደግሞ 127.60 ተብሎ ተጽፏል። እውነቱ የተገላቢጦሹ ነው፤ ቴሉሪየም 127.60፣ አዮዲን 126.90። የአሳታሚው እጅ ስቶ ይሁን፣ ወይም አንድ ሰው «ክብደት ከግራ ወደ ቀኝ መጨመር አለበት» ብሎ አስተካከልኩ ብሎ ይሁን፣ ቻርቱን በማየት መለየት አይቻልም። በየትኛውም ሌላ ሣጥን የተፈጠረ የአኃዝ ስህተት ይህን ያህል ባላስቆጨኝ ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን የሠንጠረዡ ታሪክ ራሱ ነው የተሰረዘው።

ሜንዴሌቭ ንጥረ ነገሮቹን በክብደት ሲደረድር አዮዲን ከቴሉሪየም ቀድሞ ሊወድቅ ነበር። ይህ ከሆነ አዮዲን በሰልፈርና በሴሊኒየም ዓምድ፣ ቴሉሪየም በክሎሪንና በብሮሚን ዓምድ ሊገባ ነው። አዮዲን ግን እንደ ክሎሪን ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ጨው የሚሠራ ነው፤ በየቤታችን ባለው የጨው ፌስታል ላይ «አዮዲን ያለው» ተብሎ የሚጻፈው፣ እንቅርትን ለመከላከል የሚጨመረው ያው ነው። ሜንዴሌቭ ጠባይን አመነና ክብደቱን ተጠራጠረ፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መሆን አለበት ብሎ አዮዲንን ከኋላ አኖረው። ቦታው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ስህተት ነበር፤ ምክንያቱም የቴሉሪየም ክብደት ስንት ጊዜ ቢለካ ዝቅ አላለም።

ፍቺው የመጣው በ1913 ነው። ሄንሪ ሞዝሊ የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚያመነጩትን የኤክስሬይ ጨረር ሲለካ፣ የድግግሞሹ ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በተስተካከለ እርምጃ እንደሚጨምር አገኘ፤ እርምጃውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን በኒውክለሱ (በአቶሙ እምብርት) ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት ነው። ከዚያ ወዲህ አቶማዊ ቁጥር ሠንጠረዡን የሚያዝ ሕግ ሆነ። ቴሉሪየም 52 ፕሮቶን፣ አዮዲን 53 ፕሮቶን አላቸው፤ ቴሉሪየም የከበደው ከአቶሞቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ፕሮቶንና ኒውትሮናቸው ተደምሮ 128 እና 130 የሚሆን፣ ኒውትሮን የበዛባቸው ስለሆኑ ነው። የተፈጥሮ አዮዲን ግን 127 ብቻ ነው። ሞዝሊ በዚሁ ዘዴ ቁጥር 43፣ 61 እና 75 ገና እንዳልተገኙ ለይቶ አሳየ፤ ሦስቱም በኋላ ተገኙ። እርሱ ግን አላያቸውም። በነሐሴ 1915 በቱርክ በሚገኘው በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ በ27 ዓመቱ ተገደለ። ይህን ለተማሪ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም ሳልቸኩል እነግራለሁ።

እንግዲህ ሁለቱ አኃዞች ከተቀያየሩ ተማሪው «ሠንጠረዡ በክብደት የተደረደረ ነው» ብሎ ቢደመድም ቻርቱ አያርመውም፤ ያጸድቅለታል እንጂ። ስለዚህ ለሚገዛ ሁሉ የምመክረው አጭር ፍተሻ አለ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በጣትዎ አራት ቦታ ይንኩ፦ አርጎን 39.95 ሆኖ ፖታሲየም 39.10፣ ኮባልት 58.93 ሆኖ ኒኬል 58.69፣ ቴሉሪየም 127.60 ሆኖ አዮዲን 126.90፣ ቶሪየም 232.04 ሆኖ ፕሮታክቲኒየም 231.04 መሆኑን ይመልከቱ። በአራቱም ቦታ የፊተኛው ከኋለኛው መክበድ አለበት። የእኛው ቻርት ሦስቱን አልፎ በአንዱ ወደቀ። ወደ መደብሩ ተመልሼ ለባለቤቱ ባሳየኋቸው ጊዜ «መምህር፣ እኔ እኮ ከአዲስ አበባ እንደመጣ ነው የምሸጠው፤ እስከ ዛሬ ማንም ቁጥሩን አንብቦ የመጣ የለም» አሉኝ። ገንዘቡን ሊመልሱ ፈቃደኛ ነበሩ፤ እኔ ግን ነጭ ፕላስተር ለጥፌ አኃዞቹን በእጄ ጽፌ ማቆየቱን መረጥኩ። ከሌሎቹ ቻርቶች ላይም እንዲያርሙ ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ ተውኩላቸው።

ቻርቱ መቼ እንደተሠራ የሚገልጽ ዓመት የለውም፤ ይሁን እንጂ ሠንጠረዥ ዕድሜውን መደበቅ አይችልም። በእኛው ላይ ቁጥር 114 ፍሌሮቪየም፣ ቁጥር 116 ሊቨርሞሪየም ተብለው ተሰይመዋል፤ ቁጥር 113፣ 115፣ 117 እና 118 ግን «አንድ አንድ ሦስት» ዓይነት ትርጉም ባላቸው ጊዜያዊ ስሞች ነው የተጻፉት። ሁለቱ ስሞች የጸደቁት በግንቦት 2012፣ የአራቱ ስሞች ማለትም ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴኔሲንና ኦጋኔሶን የጸደቁት በኅዳር 2016 ነው። ንድፉ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ተሠርቶ እስከ ዛሬ ሳይታደስ ይታተማል ማለት ነው። በ2014 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ዕቃ ቤት ሲጸዳ የተገኘውን አሮጌ የክፍል ቻርት ዕድሜ የለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ጋሊየምና ስካንዲየም አሉበት፣ ጀርማኒየም ግን የለበትም፤ በመሆኑም ከ1879 በኋላ፣ ከ1886 በፊት የተሠራ ነው። በቪየና በ1885 መታተሙም ተረጋግጧል። የእኛ 380 ብር ቻርት ከዚያ ቅርስ ጋር በዚህ ይመሳሰላል ብዬ ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ አላቸው፤ ይህ ግን ለሻጩ ምክንያት አይሆንም፤ ስማቸው ከጸደቀ ዓመታት ያለፉ አራት ንጥረ ነገሮች በተማሪ ፊት ስም አልባ ሊሆኑ አይገባም።

ሌላ አንድ ጉድለት ልጨምር። ከታች ለብቻቸው የተቀመጡት ሁለት ረድፎች ከዋናው ሠንጠረዥ ጋር የሚያገናኛቸው ምልክት የላቸውም። ቁጥር 56 ካለበት ባሪየም ቀጥሎ ያለው ሣጥን ባዶ ግራጫ ነው፤ «57–71» የሚል እንኳ አልተጻፈበትም። ተማሪዎች እነዚህን 30 ንጥረ ነገሮች እንደ አባሪ፣ ከሠንጠረዡ ውጭ እንደሆኑ አድርገው ይቆጥሯቸዋል፤ ወደ ታች የወረዱት ግን ለወረቀት ወርድ ሲባል ብቻ ነው፤ በቦታቸው ቢገቡ ሠንጠረዡ 32 ዓምድ ይሆናል። ዩራኒየም እንኳ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከቱንግስተን በታች ይቀመጥ ነበር፤ የታችኛውን ረድፍ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ግሌን ሲቦርግ ነው፤ በሕይወት እያለም ቁጥር 106 በስሙ ተሰየመ።

እነዚህን ጉድለቶች ካየን በኋላ፣ በዚህ ዓመት መጀመሪያ የራሳችንን ሠንጠረዥ በባነር አሳተምን። በከተማው ለሠርግና ለምርቃት ባነር የሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ለካሬ ሜትር 500 ብር አስከፈለን፤ 2 ሜትር ከ40 ወርድ በ1 ሜትር ቁመት፣ ሙሉውን 32 ዓምድ የያዘ፣ ፊደሉ ከመጨረሻው ዴስክ የሚነበብ ነው። በነጋታው ይደርሳል የተባለው ሥራ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ሦስት ቀን ወሰደ፤ ከዚህ በስተቀር አገልግሎቱ ጥሩ ነበር። ባነር እርጥበትን ከወረቀት ይልቅ ይችላል፤ ተጠቅልሎም ከክፍል ክፍል ይዞራል። የግድ የምለው ግን ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱን ሣጥን ማንበብ ነው። ዲዛይነሩ ጽሑፉን በሙሉ በትልልቅ ፊደል አድርጎት ስለነበር የኮባልት ምልክት ሁለተኛዋ ፊደል ትልቅ ሆና ነበር፤ እንዲህ ሲጻፍ ኮባልት መሆኑ ቀርቶ አንድ የካርቦንና አንድ የኦክስጅን አቶም ተጣምረው የሚሠሩት ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በዝግ ቤት ከከሰል ወጥቶ ሰው የሚገድለው ጋዝ ይሆናል። ይህን ስነግረው ደነገጠ፤ ተቀምጦም 118ቱን አንድ በአንድ ከእኔ ጋር አረመ።

ለቤት ጥናት ለአንድ ልጅ የሚሆን ከሆነ የ380 ብሩ ቻርት፣ አራቱን ስሞችና ሁለቱን አኃዞች በእጅ ካረሙ፣ ዋጋው አይጎዳም። ለክፍል ግን ባነሩን ያሳትሙ።

ባነሩን ስናዝዝ ከሰባተኛው ረድፍ በታች፣ ቁጥር 87 ከሆነው ፍራንሲየም ሥር ጀምሮ እስከ ቀኝ ዳር፣ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ እንዲተውልን ጠየቅሁ። «ቲቸር፣ ባዶውም እኮ በካሬ ነው የሚታሰበው» አለኝ ዲዛይነሩ። 180 ብር ጨመርን። በዚያ ባዶ ቦታ መጀመሪያ ላይ፣ ከፍራንሲየም ሥር፣ 119 የሚል ቁጥር ያለው ክፍት ሣጥን አለ።